ኖራ የነካው እጅ

አንድ ሰው ነበረ፤ መነኩሴ። ቁራዎች ነቢዩ ኤልያስን መገቡበት በሚባለው በረሃ፣ ከሸለቆው ግርጌ ካለች ምንጭ አጠገብ ብቻውን ይኖር ነበር። ሸለቆው እንደ አንጀት የተጠማዘዘ ነው። ስለዚህ ከመኪናው መንገድ እስከ ምንጯ ድረስ ድንጋይ ደርድሮ በየዓመቱ ከበዓል በፊት ኖራ ይቀባቸዋል። ተሳላሚ ነጩን ድንጋይ እያየ ካልወረደ ውሃውን አያገኘውም።

አንድ ማለዳ ፎቶ አንሺ መጣ። የመጽሐፍ ቅዱስን አገር እያነሳ በትልልቅ አዳራሽ የሚያሳይ ስመ ጥር ሰው ነው።

«አባ፣ ነቢዩ ያየውን ብቻ ነው ማየት የምፈልገው» አለ።

ነገሩ መነኩሴውን አልጣመውም። ድንጋይ ለማየት ይህን ሁሉ ኮተት የሚሸከም ምን ዓይነት ሰው ነው? ወይ ቅርስ ቆፋሪ ነው፣ ወይ የመቃብር ሌባ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብሎ ከሻንጣው አጠገብ ቁጭ አለ። ሰውየው ግን ሻንጣውን እዚያው ትቶ ካሜራውን ብቻ ይዞ ሽቅብ ወጣ። መነኩሴውም ቀኑን ሙሉ ሻንጣ ሲጠብቅ ዋለ።

ሰውየው ሲመለስ «ልጄ፣ አትቀየመኝ፤ ሻንጣህን ፍታልኝ» አለው። ፈታለት። መስታወትና ጨርቅ እንጂ ጠጠር እንኳ አልነበረበትም። መነኩሴው አፈረ። ይቅርታ ጠይቆ መስቀል ሲያሳልመው የሰውየው ጣቶች ነጭ ነገር ነክቷቸው አየ፤ ዳግመኛ ሰው መጠርጠር ፈርቶ ሳይጠይቅ ሸኘው።

በማግሥቱ አንዲት ባልቴት ልጇ ከሕመም ስለተነሣላት ስለቷን ልታደርስ ከአውቶቡስ ወርዳ ወደ ምንጯ አቀናች። ቀትር አለፈ። ከላይ የአውቶቡሱ ጥሩምባ አላቋርጥ ሲል መነኩሴው ሰው እንደጠፋ ገባውና ውሃ ይዞ ሮጠ። መንገዱን እግሩ ስለሚያውቀው ድንጋዮቹን ልብ አላለም። ፀሐይ ስትጠልቅ ከአንድ መውጫ የሌለው ገደል ሥር አገኛት፤ ከንፈሯ ተሰንጥቋል፣ ምላሷ ከትናጋዋ ተጣብቋል። ውሃውን ጠብ ጠብ አደረገላት።

«አባ» አለች መናገር ስትችል፣ «ነጩን ድንጋይ ፈልጌ አጣሁት።»

ሐሩሩ አዙሯት ነው ብሎ ወደ መንገዱ ቢወጣ እውነትም ነጭ ድንጋይ የለም። ጎንበስ ብሎ አንዱን ገለበጠው፤ ኖራው ከሥር ነው። ሁለተኛውም እንደዚያው። ፎቶ አንሺው አንድም ድንጋይ አልወሰደም። ነቢዩ ኖራ አላየም ብሎ ሁሉንም በግንባራቸው ደፍቷቸው ነው የሄደው። መነኩሴው እዚያው ተቀምጦ አለቀሰ።

ሴትዮዋ በእግዚአብሔር ቸርነት ተረፈች። ፎቶው ዛሬ በትልቅ አዳራሽ ተሰቅሏል፤ ያየው ሁሉ «የሰው እጅ ያልነካው አገር» እያለ ያደንቀዋል።

አንተም ልጄ ናሆም፣ «መምህር፣ ቅዱስ ቦታን ለጥበብ ብሎ ፎቶ ማንሳት ነውር ነው ወይ?» ብለህ ጠየቅኸኝ። ማየት ነውር የለበትም፤ ተራራ ቢታይ አያልቅም። እኔም እንደዚያ መነኩሴ ተሞኝቼ ሻንጣህን አልፈትሽም። ግን ያመጣህልኝ ፎቶ ሁሉ ሰውም የሰው ዱካም የለበትም፤ የየቦታው ተሳላሚዎች የት ሄዱ እያልኩ አድሬአለሁ። እስቲ እጅህን ዘርጋና አሳየኝ።