ያንቺን አልነካሁም

አንድ ባል ነበረ፤ ሚስትም ነበረችው። አንተ የጠየቅኸኝ የባልየውን ነገር ነው። «የኔታ፣ አበዳሪው ዘንድ የማስይዘው የቤቱን ግማሽ፣ የራሴን ድርሻ ብቻ ነው፤ ለሚስቴ መንገር ግድ ይለኛል ወይ?» አልከኝ። ነገም ለውሉ ምስክር ሆኜ እንድቆምልህ ትፈልጋለህ። ጥሩ። እኔ ግን የምነግርህ የሚስትየዋን ነው። ጋቢህን ሰብሰብ አድርገህ ተቀመጥ፤ ሳልጨርስም እንዳትነሣ።

ሴትዮዋ የሻረግ ትባላለች። ከባሏ ጋር የተጋቡት በእኩል ነው፤ ያፈሩት ሁሉ የሁለቱም ነው ማለት ነው። ሲጋቡ ምንም አልነበራቸውም፤ ቤቱን በገዛ እጃቸው ነው የሠሩት። እሱ ቆላ ወርዶ ወይራና ጽድ እየቆረጠ በትከሻው አመጣ። እሷ ከምንጭ ውኃ እየቀዳች አፈሩን ከጭድ ጋር አቦካች፤ እስኪብላላ ጠብቃ፣ በእግሯ ረግጣ፣ ግድግዳውን በመዳፏ መረገች። ሰንበሌጡን አብረው አጨዱ። እሱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሲከድን እሷ ከታች እያቀበለች «እዚያ ጋ ሳስቷል» እያለች ታዘው ነበር። ከዚያም በሩ አጠገብ መደብ ሠራችና ጠላ መሸጥ ጀመረች። የመንደሩ ሰው ቤቱን የሚጠራው በእሷ ስም ነበር፤ ባልየውም በዚህ ቅር አይለውም።

ታዲያ የባልየው አባት ሞቱ፤ ተዝካር መደገስ መጣ። ሟቹ ቆጠብ ያሉ ሰው ነበሩ። ለነፍሳቸው ጥቂት ካህናትና ጥቂት ድሆች ቢበሉ ይበቃቸው ነበር። ልጃቸው ግን «ሰው ምን ይለኛል» አለ። የጎረቤቱ ተዝካር ላይ ሰንጋ በሰንጋ ላይ ተጥሎ ነበርና፣ በአንድ ወይፈን ዳስ ጥሎ ሰው ፊት መቆም አልሆንልህ አለው። ይህን በሽታ አንተም ታውቀዋለህ። እኛ አገር ከሟች ነፍስ ይልቅ የበላተኛ ምላስ ነው የሚፈራው።

ባልየው ወደ አበዳሪ ሄደ። አበዳሪው ጨዋ ሰው ነበር፤ ሰው አይሰድብም፣ በጾም ቀን ከቅዳሴ አይቀርም። «ምን ታስይዘኛለህ?» አለው።

«ቤቴን።»

«ቤቱ የብቻህ ነው?»

«የለም፤ በእኩል ነው የተጋባነው።»

«እንግዲያው ያንተን ግማሽ ብቻ አስይዘኝ። የሰው ሐቅ አልነካም፤ እግዜርን እፈራለሁ።»

ባልየው ይህን ሲሰማ ልቡ ቀለል አለው። ነገሩ ሁሉ ንጹሕ መሰለው። ምስክሮች ተጠሩ፤ ከእነሱ አንዱ የየሻረግ ልጅ የክርስትና አባት ነበር። እሱም ቢሆን ቅንጣት አልከበደውም። የሴትዮዋን የነካባት የለማ!

ለሚስቱ «ከአባቴ ጎተራ የተረፈውን እህል ሸጬ ነው ሰንጋ የገዛሁት» አላት፤ አመነችው። ብቅል አበቀለች፣ ጌሾ ወቀጠች፣ ሽንኩርት ስትከትፍ ዓይኗ ደም እስኪመስል ድረስ ዋለች። ሰዉ ዳሱን ሞልቶ በላ። «እጅሽ ይባረክ» ተባለች፤ ደስም አላት። እኔ ይህን ሳስበው ይዘገንነኛል። ያን ቀን በወጭት በወጭት ለአገሩ ያቀረበችው የገዛ ቤቷን ነበር። ምስክሮቹም እዚያው ከበላተኛው መካከል ተቀምጠው ያውቁ ነበር፤ አንዳቸውም ጉርሻውን አልመለሱም።

በዓመቱ ስንዴውን ዋግ መታው። አበዳሪው ታገሠ። በሚቀጥለውም መኸር ጠብ የሚል ነገር ጠፋ፤ አሁንም ታገሠ፤ ወለዱ ግን አልታገሠም። ባልየው አበዳሪውን ገበያ ላይ ባየው ቁጥር በሌላ መንገድ ይዞር ጀመር። ሚስቱ «ምነው ከሳህ?» ስትለው «ብርድ ነው» ይላታል።

አንድ ቀን ጠዋት የሻረግ መደቧን በእበት እየለቀለቀች ሳለ አበዳሪው ከዳኛው መልእክተኛ ጋር መጥቶ ደጃፉ ላይ ቆመ። «ደህና አደርሽ፣ እኅቴ» አላት።

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ግቡ፣ ጠላው ዛሬ ነው የደረሰው፤ እጄን ልታጠብና ልቅዳላችሁ።»

«ለመጠጥ አልመጣንም። የቤቱን ነገር ልንጨርስ ነው።»

«የማንን ቤት?»

«የዚህን።»

ሳቀች። ሰውየው ቤት የተሳሳተ መስሏት ነው፤ በእፍረት እንዳይሸማቀቅ ብላ ጭምር ሳቀችለት። አበዳሪው ግን አልሳቀም። እሷን አልፎ ወደ ውስጥ ተመለከተ፤ እሷም የሚያየውን ለማየት ዞረች። ባሏ ከጓዳ በር ላይ ቆሟል። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሏል።

«የኔን ግማሽ ብቻ ነው» አላት። «ያንቺን አልነካሁም።»

ሴትዮዋ ጮኻ አልተሳደበችም፣ ፊቷን አልነጨችም። እበቱ እጇ ላይ እስኪደርቅ እንደ ቆመች ቀረች። ድንጋጤ እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ሥራ ነው የሚያስረሳው። መልእክተኛው «ለዳኛው ታስረጃለሽ» እስኪላት ድረስ እግሯን ማንሣት እንዳለባት አላወቀችም።

ዳኛው ፊት ምስክሮቹ አንድ በአንድ ቆሙ። የክርስትና አባትየው ተራው ሲደርስ «አዎ፣ ውሉ ሲፈጸም ነበርኩ፤ ሰምቻለሁ» አለ።

የሻረግ ጆሮዋን አላመነችም። «እርስዎም?» አለችው። «የበዓል ለት ቤቴ ነበሩ። ልጄን ጭንዎ ላይ አስቀምጠው ነው የበሉት። ምነው አንዲት ቃል ሳይተነፍሱልኝ?»

«የመሰከርኩት ስለ እሱ ግማሽ ነው፣ ልጄ» አላት፤ ድምፁም የክፉ ሰው ድምፅ አልነበረም። «ያንቺ አልተነካም።»

ዳኛውም ጥሩ ዳኛ ነበር። ጉቦ የማይቀርበው፣ ደሃ የማይገፋ ሰው ነው። የሴትዮዋን ፊት አየና ቆጣ ብሎ «የእሷ ድርሻ እንዳይነካ! አበዳሪው የባልየውን ግማሽ ይወስዳል፤ የእሷ ግማሽ ተለይቶ ይከለልላታል። ተነሡ፤ ቤቱ ድረስ ሄደን ድርሻዋን በእጇ ታሳየን» አለ። ሰዉ ሁሉ «ይበል!» አለ። እሷም እዚህ ላይ ትንሽ ተስፋ አደረገች።

ሄዱ። የመንደሩ ሰው ግቢውን ሞላው። ዳኛው «በይ እንግዲህ፣ የትኛው ነው ያንቺ?» አላት።

የሻረግ ቤቷን ዞረችው። ለመጀመሪያ ጊዜ እንደምታየው ሰው ነበር የምትዞረው። በምሥራቅ በኩል ቆመችና ግድግዳውን በመዳፏ ያዘች። «ጭቃው የኔ ነው፤ እኔ ነኝ የረገጥኩት» አለች። «ውስጡ ያለው እንጨት የሱ ነው። እንጨቱን ምዘዙና ውሰዱ፤ ጭቃዬን ተዉልኝ።» ከሰዉ መካከል የሳቀ ነበር። ቀና ብላ ስታየው አፉን በጋቢው ሸፈነ።

ወደ ውስጥ ገባች፤ ዳኛውም፣ አበዳሪውም፣ ባልየውም ተከተሏት። ምሰሶውን ነካች፤ ምሰሶው አንድ ነው። በሩም አንድ፣ ምድጃውም አንድ። የልጇ መኝታ ከምሰሶው ሥር፣ የእሱ ግማሽ ይሁን የእሷ በማታውቀው ቦታ ላይ ተነጥፏል። ያኔ ወደ ባሏ ዞረች።

«ያንቺን አልነካሁም አላልከኝም?»

«አልነካሁም» አለ።

«እንግዲያው ያልነካኸውን አሳየኝ። ውሉን ስትገባ ያየኸው አንተ ነህ፤ የቱን እንደተውክልኝ አንተ ታውቃለህ። በል፣ እነዚህ ሁሉ ቆመዋል፣ በጣትህ አሳየኝ።»

ሰውየው እጁን አነሣ። ወደ ግራ ሊያሳይ ነበር፤ ግራው በኩል ምድጃው አለ፣ በር ግን የለውም። ወደ ቀኝ መለሰው፤ እዚያ በሩ አለ፣ የልጁም መኝታ አለ። ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ። ሲከድን «እዚያ ጋ ሳስቷል» ያለችውን ቦታ አየው መሰለኝ። ከዚያ ያ እጅ ወረደ። ሰውየው የሸጠውን ነገር ገና ያን ጊዜ ነው ያየው፤ ከድንጋጤውም የተነሣ ምሰሶውን ተደግፎ ቁጭ አለ።

ዳኛው ምሰሶውን ዞሮ አየው። በመጨረሻ «ለሁለት የማይቆረስ ነገር ከሆነ ይሸጣል፤ ዋጋው እኩል ይካፈላል። ሕጉ ሌላ መንገድ የለውም» አለ። ይህን ሲናገር ሴትዮዋን አላያትም።

አበዳሪ ግማሹን የያዘውን ቤት የሚገዛ ከየት ይምጣ? አበዳሪው ራሱ ገዛው፤ በዋጋውም አልበደላትም። የባልየውን ድርሻ ለዕዳው ያዘ፤ የእሷን ብር ግን ዳኛው ፊት፣ ሰው እያየ፣ ነጠላዋ ላይ ቆጥሮ አፈሰሰላት። እሷም ጨርቁን በሁለት እጇ እንደ ያዘች ብሩን አየችው።

«ጌታዬ፣ ድርሻዬ ይህ ነው?» አለች።

«ይህ ነው» አላት ዳኛው። «አንዲት ቤሳ አልጎደለም።»

«እሺ። ልጄን ከዚህ ውስጥ የት ላስተኛት?»

ዳኛው በትሩን ይዞ ተነሣ፤ አበዳሪው የብሩን ከረጢት ቋጠረ። የክርስትና አባትየው ከሰዉ ኋላ ሆኖ ወደ ቤቱ መንገድ ጀምሮ ነበር።

ታሪኩ ይኸው ነው። አንተ ቀና በል እንጂ፤ መሬቱን አትየው፣ መሬቱ ላይ የተጻፈ የለም። ሌባ ፈልገህ እንደሆነ እዚህ ውስጥ አታገኝም። አበዳሪው አላጭበረበረም፣ ዳኛው ፍርድ አላጣመመም፣ ምስክሮቹ በሐሰት አልማሉም። ሁሉም የእሷን ድርሻ ሲጠብቅላት ነው ሴቲቱ ከነልጇ ሜዳ ላይ የቀረችው። ስንት ዓመት ሆነኝ ይህን ነገር ካወቅሁት፤ እስካሁን ባወራሁት ቁጥር ያስደነግጠኛል።

እንግዲህ ባልየው አንተ ነህ። ቤትህን አውቀዋለሁና ምሰሶው ስንት እንደሆነ አልጠይቅህም። ነገ የምታገኘው ሰውም «ያንተን ግማሽ ብቻ» ይልሃል፤ ደግሞም እውነቱን ነው። አንተም ልብህ ቀለል ይልህና ንጹሕ የሆንክ ይመስልሃል። «ለሚስቴ መንገር ግድ ይለኛል ወይ?» አልከኝ። ጥያቄው ደህና ጥያቄ ነው፤ የጠየቅኸው ግን የማይመለከተውን ሰው ነው። ይዘኸው ሂድና እሷን ጠይቃት። ከመናገርህ በፊት ግን ቤቱ መካከል ቁምና፣ የምታስይዘውንና የምትተውላትን በጣትህ አሳያት።

የምስክርነቱን ነገርማ፣ እሷ ሰምታ እሺ ካለች ሁለታችሁም ኑና ጥሩኝ፤ ዓይኗን እያየሁ እመሰክራለሁ። ካላለች ግን ሌላ ሰው ፈልግ። ባለፈው እሁድ እጄን ያስታጠበችኝ እሷ ናት፤ የዚያ ቤት ውኃ ገና ከእጄ አልደረቀም።