የአህያይቱ እግርና የቀበሮ መድኃኒት

አንድ ጊዜ ጀርባዋ የገጣባ ጠባሳ ብቻ የሆነ፣ አንገቷን ግን ቀና አድርጋ የምትሄድ አንዲት አህያ ነበረች። አንድ ቀን እህል አድርሳ ስትመለስ የግራር እሾህ የፊት እግሯን ወጋት። ጌታዋ እሾሁን ነቀለላትና በረት ውስጥ አሳረፋት። በማግስቱ እግሯ አብጦ እንደ እሳት ጋለ።

በዚያ አገር መራመድ ያቃታት አህያ ገደል አፋፍ ተወስዳ ትጣላለች። ከገደሉ ሥር ማን እንደሚጠብቅ ደግሞ የማያውቅ የለም። አያ ጅቦ ወሬውን ሲሰማ ለሃጩን እያዝረበረበ ወደ ቀበሮ ሮጠ።

«እግሯን አበስብስልኝና ጉበቷ ያንተ ነው!»

«ለእኔ ተወው፤ አንተ ብቻ አፍህን ዝጋ» አለው ቀበሮ።

ቀበሮ በእሾህ አጥሩ ቀዳዳ አፉን አሾልኮ፣ ባለመድኃኒት መስሎ ቀረበ። «እመት አህያ፣ ምነው እንዲህ ሆንሽ? ይሄ እብጠት እኮ ሊገድልሽ ነው! ቅርፊቱን ላጪና ጭቃ ምረጊበት፤ ቶሎ ይበርድልሻል።»

እግሯ ይጠዘጥዛታል፤ መዳኑንም ትፈልጋለች። ነገር ግን ይህን ሕመም ከጀርባዋ ታውቀዋለች።

«አንተ ጅራታም! ስንት ገጣባ የሻረልኝን እኔን ልታስተምር ነው? ቆዳዬ አጥሬ ነው። እሾህ ሲበሳው ቆሻሻ ሾልኮ ይገባል። ያኔ ደሜ ውስጥ ያሉት ዘበኞቼ ግር ብለው ይነሳሉ። የገባውን ባዕድ ስምህ ማነው፣ ከየት መጣህ አይሉትም፤ ይውጡታል! እብጠቱ የእነሱ ግርግር ነው፤ ግለቱ የትግላቸው፤ መግሉም እዚያው የወደቁት ናቸው። ቅርፊቱ ደግሞ የተደፈነው አጥሬ ነው። አጥሬን ንጄ ጠላት በጭቃ ላስገባ? ሂድ፣ ለእናትህ ምረግላት!»

ቀበሮ አፍሮ ዞረ። ጅቦ ግን ከኋላው አድብቶ ይሰማ ነበር። በአህያይቱ ሽታ ሰክሮ አጥሩን ልዝለል ሲል መሬት ላይ ተዘረጋ፤ ሲነሳ የኋላ እግሩ ላይ እሾህ ተሰክቷል። ከሰማው ወሬ ሁሉ ጭንቅላቱ ውስጥ የቀረው ጭቃው ብቻ ነው፤ ጅብ ማሰብ የት ያውቅና! እግሩ አብጦ ቅርፊት ሲይዝ፣ በጥርሱ ልጦ ወደ ረግረጉ ሄደ።

«ኧረ ተው አያ ጅቦ! ያ ለእሷ ነው!» ብሎ ጮኸ ቀበሮ።

«አሃ! ለአህያ ያዘዝከውን መድኃኒት ለእኔ ልትነፍገኝ? ስስታም!» አለና ጭቃውን በላይ በላዩ መረገው።

አህያይቱ ድና፣ እህሏን ጭና በገደሉ አፋፍ ስታልፍ ጅቦን ከታች አየችው። የበሰበሰ እግሩን ይጎትታል።

«አያ ጅቦ፣ ጭቃው እንዴት ነው? በረደልህ?» ብላ ጠየቀችው፤ መልስ ሳትጠብቅም ኮራ ብላ አለፈች። ጅብም ከዚያ ወዲህ እያነከሰ ቀረ።

ከዚህ የምንማረው ገላችን ጠላቱን ሲዋጋ ማበጡንና መጋሉን እንደ ክህደት ቆጥረን፣ ጥቅሙን በሚፈልግ ሰው ምክር የገዛ አጥራችንን በገዛ እጃችን እንዳናፈርስ ነው።