የወፍጮ ቤቱ ሳል

በቅርቡ የእድር ዳኛ ሆኖ የተመረጠ ሰው ወደ መሪጌታ ልሳነወርቅ መጥቶ፣ «የኔታ፣ በየስብሰባው የሚያጉረመርሙብኝ ሰዎች አሉ። በምን ዘዴ ዝም ላሰኛቸው?» ሲል ጠየቃቸው። እሳቸውም እንዲህ አሉት፦

አንዲት ሴት ነበረች። በአንድ ሀብታም ወፍጮ ቤት እህልና በርበሬ ትፈጭ ነበር። ሀብታሙ ዱቄቱ በነፋስ እንዳይባክንበት መስኮቱን በቆርቆሮ አስመትቶታል። ሴትዮዋ ያንን ብናኝ ስትምግ እየዋለች ሳል ያዛት።

ሳሏ ገበያተኛ አሸሸበት። ሀብታሙ መጀመሪያ ዝንጅብል በማር አጠጣት፤ ቀጥሎ ዳማከሴ ጨምቆ ሰጣት፤ ኋላም ከመድኃኒት ቤት ሽሮፕ ገዛላት። ሽሮፑን ስትጠጣ ሳሉ ጋብ ይላል፤ እሷም እያንጎላጀች ትፈጫለች። «ይኸው ዳንሽ!» ይላታል። ደረቷ ግን ውስጥ ውስጡን ያፏጫል። ሰፈርተኛውም «ነቀርሳ ይዟታል» ብሎ ይሸሻት ጀመር፤ ልጇን እንኳ የሚያቅፍላት ጠፋ።

ይሄኔ ጤና ጣቢያ ሄደች። ሐኪሙ መርምሮ፣ «ነቀርሳ የለብሽም። የጎዳሽ ብናኙ ነው። እዚያው ታፍነሽ እየዋልሽ ሽሮፕ ብትጠጪ ምን ይረባሻል?» አላት።

በማግስቱ ሀብታሙ ሽሮፑን በማንኪያ ሞልቶ ጠበቃት። አልተቀበለችውም።

«ጋሼ፣ የታመመው ቤትዎ ነው፤ መድኃኒቱን ለእሱ ይስጡት!»

«ካልጠጣሽ ውጪልኝ! ሠራተኛ መች ጠፋ?»

«እወጣለሁ። ከእኔ በፊት ግን ይሄ ይወጣል!» አለችና ወፍጮውን አጥፍታ፣ ዲጅኖ አንሥታ ቆርቆሮውን ገነጠለችው። ብርሃን ሲገባ ብናኙ እንደ ጉም ተንጠልጥሎ ታየ። ሀብታሙ እጇን ሊይዝ ቢሮጥ ትን አለውና ሲያስል ሲያስል መናገር አቃተው። ተራ ይጠብቁ የነበሩት አስፈጪዎችም አቁማዳቸውን ተሸክመው፣ «መስኮቱን መልሰህ ብትዘጋ ወይም እሷን ብታባርር፣ እኛም ሌላ ወፍጮ ቤት አናጣም» አሉት።

ሀብታሙ እስከ ዛሬ ሰላምታ እንደነፈጋት ነው። መስኮቱ ግን አልተዘጋም፤ እሷም ከሥራዋ አልተነቀለችም።

እንግዲህ ስማኝ፣ ዳኛው። ያ ወፍጮ ቤት እድርህ ነው፤ ማጉረምረሙም ሳሉ ነው። አንተ ከእኔ ሽሮፕ ፍለጋ መጥተሃል፤ የለኝም። ሰው ያፈነው ነገር ሳይኖር አያጉረመርምም። ሂድና ያፈናቸውን ጠይቃቸው፤ መስኮቱንም በገዛ እጅህ ክፈት። እምቢ ካልክ ግን የሚገነጥለው ሰው ይነሣል፤ ያን ቀን ዲጅኖውን የማቀብለው እኔ ነኝ።