አያ ጅቦ የመረጠው ቴሌቪዥን

አንድ ጊዜ፣ ዝናብ ፊቱን ባዞረበት ክፉ ዓመት፣ የዱር አራዊትና የቤት እንስሳት ታርቀው በአንድ መሥሪያ ቤት ይተዳደሩ ነበር። ታርቀው ስል፣ ጅብና አህያ በአንድ አዳራሽ ይሰበሰቡ ነበር ማለቴ ነው እንጂ፣ አህያ ለጅብ ጀርባዋን ሰጥታ ትቀመጥ ነበር ማለቴ አይደለም።

በዚያ ዓመት ወንዙ ደረቀ። የቀረችውን ውሃ ዝሆኖች ከተራራው ወገብ ላይ በግንድ ገድበው ያዟት። ሊለቋትም ተስማምተዋል፤ የቀረው ቀኑን መቁረጥ ብቻ ነበር። ቀኑ ግን በዋዛ የሚቆረጥ አልነበረም። እርጥብ አሸዋና ጥላ የሚገኘው በደረቁ ወንዝ ውስጥ ብቻ ስለሆነ ግልገሎቹ ሁሉ የሚውሉት እዚያ ነው። ያለ ጊዜያቸው ቢያወጧቸው ፀሐይ ትጨርሳቸዋለች፤ ሳያወጧቸው ውሃው ቢለቀቅ ጎርፍ ይወስዳቸዋል። ከእነዚያ ግልገሎች አንዱ የእመት አህዪት ውርንጭላ ነበር። ከእሱ ሌላ ልጅ አልነበራትም።

ዝሆኖቹ ያሉበት ቦታ ሩቅ ነው። ስለዚህ የመሥሪያ ቤቱ የበላይ አያ አንበሶ፣ «ስብሰባውን በስማርት ቲቪ እናድርገው። አባ ዝሆን ባለበት ሆኖ ይናገራል፤ እኛም ባለንበት ሆነን እንሰማለን» ብሎ ወሰነና የግዢ ኮሚቴ አቋቋመ። አባላቱ እመት ጦጢትና እመት አህዪት፣ ሰብሳቢው ደግሞ አያ ጅቦ ሆኑ። ጅብን ሰብሳቢ ያደረገው ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ ድምፁ ትልቅ ነበር፣ በዚያ መሥሪያ ቤት ደግሞ ይኸው ይበቃል።

ቴሌቪዥን ሻጩ ቀበሮ ነበር። ሱቁ ጠባብ ጉድጓድ ስለሆነች ሦስቱ ሲገቡ ትከሻ ለትከሻ ተጣበቁ። ቀበሮ ሁለት ቴሌቪዥን አቀረበላቸው። አንዱ ምስሉ ደብዘዝ ያለ፣ ድምፁ ግን ጥርት ያለ ነው። ሌላው ግድግዳ የሚያህል፣ ምስሉ የሚያስደነግጥ፣ ድምፁ ግን ቀጭን ሆኖ ከጀርባው የሚወጣ ነው። ይኸኛው ሳይሸጥ ስለከረመ ቀበሮ ሊገላገለው ቸኩሏል። ታዲያ ሰብሳቢው ጅብ መሆኑን ሲሰማ ምን አደረገ? ትልቁ ቴሌቪዥን ላይ ሥጋ ከፈተበት። ሥጋም ሥጋ! ጮማው ያልተነካ፣ ደሙ ያልደረቀ የበሬ ታፋ።

«ይኼ ነው!» አለ አያ ጅቦ ምራቁን እየዋጠ። «ሌላ አላይም።»

«ዓይን አለዎት፣ ጌታዬ» አለ ቀበሮ። «ደግሞ ስማርት ነው፤ ራሱ ያስባል።»

«እሱ ካሰበልኝማ እኔ ምን ቸገረኝ!»

ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይባላል፤ ይኼኛው ግን መስታወት ሊነክስ ምንም አልቀረው።

በቴሌቪዥኑ ውስጥ አንድ አሞራ ስለ ሥጋው ይለፈልፋል። እመት አህዪት ልብ ብላ ስታዳምጥ፣ የአያ ጅቦ ሆድ በጮኸ ቁጥር የአሞራው ድምፅ ድራሹ ይጠፋል። የአንድ ጅብ ሆድ እንዲህ ከሸፈነው፣ ያ ሁሉ እንስሳ በሚሰበሰብበት አዳራሽ ምን ሊሆን ነው? ብላ አሰበችና ፈራች።

«አያ ጅቦ» አለች ቀስ ብላ፣ «ድምፁስ? እኔ እንኳ እምብዛም…»

አያ ጅቦ ዞሮ ጆሮዋን ከሥሩ እስከ ጫፉ በዓይኑ ለካው። «እንዲህ ያለ ጆሮ ተሸክመሽ አልሰማሁም ልትይ ነው?»

ቀበሮ ፈገግ አለ። እመት ጦጢት ከት ብላ ሳቀች። እመት አህዪት የምትገባበት ጠፋት፤ ጆሮዋን ወደ ኋላዋ አጣጠፈች።

«ኧረ ይሰማል» አለች። «እንዲያው ለመጠየቅ ያህል ነው።»

«አንቺስ፣ ጦጢት?»

እመት ጦጢትም የድምፁን ነገር ሳታውቀው አልቀረችም። ግን ብልጥ ናት። «እኔ አህያ የለኝ፣ ከጅብ አልጣላ» አለች። «የሰብሳቢው ምርጫ ምርጫዬ ነው።»

ግዢው በዚሁ አለቀ። እመት አህዪት ያንን የሚያህል ቴሌቪዥን ተሸክማ ወደ አዳራሹ ስትወርድ፣ መንገዱን ሁሉ «ዝም አይነቅዝም» እያለች ራሷን ታጽናና ነበር። ልቧ ግን እሺ አላላትም።

በስብሰባው ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። አዳራሽ የሚሉት ከገደል ሥር ያለ፣ ፊቱ ለሜዳው ክፍት የሆነ ትልቅ ዋሻ ነው። ቴሌቪዥኑን በዋሻው አፍ ላይ ከሁለት ግንድ መካከል ሰቅለውታል፤ ጀርባው ለሜዳው ነው። የሜዳው ነፋስ ያፏጫል። አባ ዝሆን በቴሌቪዥኑ ብቅ ሲል ሁሉም «ወይ ጉድ!» አለ። ሽፋሽፍቱ አንድ በአንድ ይታያል። አያ ጅቦ «ምን አልኳችሁ!» ብሎ ደረቱን ነፋ።

አያ አንበሶ ሰላምታ ሰጠ፤ አባ ዝሆንም አፉን ከፈተ። ከአፉ የወጣው ግን አዳራሹ ውስጥ አልደረሰም። ቅል ውስጥ እንደገባች ዝንብ ያለ ነገር ብቻ ተሰማ።

አያ አንበሶ አርጅቷል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ጆሮው እየከዳው ነው፤ ይህንንም ማንም እንዳያውቅበት ይፈራል። ታዲያ ጥፋቱ የጆሮዬ ነው ብሎ አሰበና፣ ኮስተር ብሎ ራሱን ነቀነቀ። «እሺ» አለ።

አንበሳ እሺ ካለ ማን ደፍሮ አልሰማሁም ይላል? ነብሩ ነቀነቀ። ሚዳቋዋም ነብሩን አይታ ነቀነቀች። አያ ጅቦማ ምርጫው እንዳይነቀፍበት አንገቱ እስኪቀጭ እየነቀነቀ «ልክ ነው! ልክ ነው!» ይላል። እነሱ የሚሉት ወደ ዝሆን አሳምሮ ይደርስ ነበር፤ ዝሆን የሚለው ነው ወደ እነሱ ያልደረሰው።

እመት አህዪት ከኋላ ተቀምጣ ጆሮዋን ወደ ፊት ቀሰረች። ምንም የለም።

«ምን አለ?» ብላ አጠገቧ ያለችውን ጦጢትን ጠየቀች።

«ደህና ነገር ነው።»

«ምን የሚል ደህና ነገር?»

«እኔ እንጃ! አያ አንበሶ ነቅንቀው የለም እንዴ? ተይኝ፣ ላዳምጥበት።»

ወደ ከርከሮው ዞረች። «ወንድሜ፣ ቀኑን ተናገረ እንዴ?»

«መሰለኝ» አለ ከርከሮው ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል። «ግን የቆዳው እጥፋት እንዴት እንደሚታይ አየሽልኝ?»

አባ ዝሆን እንደገና ተናገረና፣ መልስ እንደሚፈልግ ሁሉ ዝም ብሎ ጠበቀ። አዳራሹ በአንድ አፍ «እሺ!» አለ። ያን ጊዜ እመት አህዪት ቴሌቪዥኑን አተኩራ አየች። ከአባ ዝሆን ጀርባ ጎረምሳ ዝሆኖች ታዩዋት፤ ከግድቡ ግንድ አጠገብ ተሰልፈዋል። አንዱ ኩምቢውን በግንዱ ላይ ጠመጠመ። ሌላውም ጠመጠመ።

ልትነሣ አለችና ይሉኝታ ያዛት። ሁሉም የሰማውን እኔ ብቻ አልሰማሁም ብል ምን ይሉኛል? ያ ሁሉ ጆሮ ለጌጥ ነው እንዴ ብለው ሊስቁብኝ አይደል? ደግሞ የአንበሳው ቁጣ አለ። ከዚያ ግን ውርንጭላዋ ታያት፤ ጠዋት ስትለየው እርጥቡ አሸዋ ላይ ተጋድሞ ነበር። ተነሣች።

በአያ አንበሶ ፊት ማንም አያልፍም፤ የቤቱ ደንብ ነው። እሷ አለፈች። አዳራሹ አጉረመረመ። አያ ጅቦ ዘሎ መንገዱን ዘጋባት።

«ወዴት ነው? እንግዳ ሲናገር!»

«ያለውን ልስማ።»

«ሁላችንም ሰምተናል! ተቀመጪ!»

«እንግዲያውስ ንገረኛ፣ አያ ጅቦ። ምን አለ?»

አያ ጅቦ አፉን ከፈተ፤ የሚለው ቢያጣ ጥርሱን አሳያት። ሌላ ቀን ቢሆን እመት አህዪት ያንን ጥርስ አይታ አገር ጥላ ትሄድ ነበር። ያን ቀን ግን ዞር ብላ በኋላ እግሯ ደረቱን አለችውና ወደ ቴሌቪዥኑ ሮጠች። ጆሮዋን ከጀርባው ለጠፈች።

«…ደጋግሜ ጠየቅሁ» ይላል አባ ዝሆን፣ «ደጋግማችሁም እሺ አላችሁ። እንግዲህ ግልገሎቻችሁን ሁሉ ከወንዙ አውጥታችኋል ማለት ነው። በሉ ልጆች፣ ሳቡት!»

«አላወጣንም!» ብላ አናፋች እመት አህዪት። «አባ ዝሆን፣ ምንም አልሰማንም! ልጆቻችን ወንዙ ውስጥ ናቸው! በእናትህ፣ አትልቀቀው!»

አህያ ስታናፋ የማይሰማ የለም። አባ ዝሆን በድንጋጤ ዞሮ ጮኸ፤ ጎረምሶቹም ግንዱን በኩምቢያቸው መልሰው ደገፉት። አንዱ ግንድ ግን ቀድሞ ወልቆ ነበር። ውሃው በዚያች ቀዳዳ ተግተልትሎ ቁልቁል ወረደ።

ስብሰባውን የዘጋው ማንም የለም። ነብሩና ሚዳቋዋ፣ ጅቡና አህያዋ ተደበላልቀው ወደ ወንዙ ሮጡ። ግልገሎቹ የውሃውን ድምፅ ከሩቅ ሰምተው ኖሮ፣ ደስ ብሏቸው በአሸዋው ላይ ይቦርቁ ነበር። የእመት አህዪት ውርንጭላ ከሁሉም ፊት፣ ከወንዙ መካከል ቆሞ፣ ውሃው የሚመጣበትን አቅጣጫ ያያል።

«ውጣ! ልጄ፣ ውጣ!»

አልገባውም። «እማ፣ ውሃ መጣልን!» አላት።

ደርሳ ማጅራቱን በጥርሷ ያዘችና ጎተተችው። ጭቃ የለበሰው ጎርፍ ከመታጠፊያው ብቅ ሲል ጉልበቷን፣ ቀጥሎ ሆዷን መታት። ተንገዳገደች፤ ጥርሷን ግን አላላችም። ዳር ስትወጣ የምትንቀጠቀጠው እሷ ትሁን ልጇ መለየት አልቻለችም። ከኋላዋ አያ ጅቦ ትንሹን ልጁን በአፉ ነክሶ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ እየተንፏቀቀ ወጣ። ዝሆኖቹ ያንን ግንድ ባይደግፉት ኖሮ ከዚያ ወንዝ አንድም ግልገል አይወጣም ነበር።

አያ አንበሶ ከዳር ቆሞ ግልገሎቹን አንድ በአንድ አስፈለገ። የጠፋ አልነበረም። ከዚያ ወደ ጉባኤው ዞረ።

«አባ ዝሆን ያለውን ከመካከላችሁ የሰማ ማን ነበር?»

እርስ በርሳቸው ተያዩ።

«ታዲያ ለምን ነቀነቃችሁ?»

«እርስዎ ስለነቀነቁ ነዋ፣ ጌታዬ» አለች ጦጢት መሬት መሬት እያየች።

«እኔም አልሰማሁም» አለ አንበሳው። «ጆሮዬ የደከመ መስሎኝ አፈርኩ።» ከዚያ ወደ እመት አህዪት ዞሮ ሊያመሰግናት ሲል አቋረጠችው።

«አያመስግኑኝ፣ ጌታዬ። ሱቁ ውስጥ ድምፁ እንደማይሰማ አውቄ ነበር። ሳቁብኝና ዝም አልኩ። ለአንዲት ሳቅ ብዬ ልጄን ለጎርፍ ሰጥቼው ነበር።» ይህን ብላ አለቀሰች፤ ውርንጭላዋም ለምን እንደምታለቅስ ሳይገባው ተጠጋት።

አያ ጅቦ ልጁን ከአፉ ገና አላወረደም ነበር።

ጥቂት ቆይቶ ቀበሮ ያለውን ቴሌቪዥን ሁሉ ተሸክሞ ወደ አዳራሹ እንዲመጣ ታዘዘ። «እዚህ ነፋስ አለ፣ ጌታዬ፤ ሱቄ መጥተው ቢያዩት ይሻል ነበር» ብሎ ሊያመልጥ ሞከረ።

«የምንሰበሰበው እዚህ ነው» አለው አያ አንበሶ።

ከመቀመጫው ተነሥቶ እስከ ዋሻው መጨረሻ ሄደና ከግድግዳው ተጠግቶ ቆመ። ቀበሮ የመጀመሪያውን ቴሌቪዥን ከፈተ። ጉባኤው ቴሌቪዥኑን ትቶ አንበሳውን ያያል።

«አልሰማሁም» አለ አያ አንበሶ ጮክ ብሎ። «ሌላ አምጣ።»

ማንም አልሳቀም።

ከዚህ የምንማረው ለአፍታ አፍሮ «አልሰማሁም» ማለት፣ ያልሰሙትን «እሺ» ብሎ ዕድሜ ልክ ከማልቀስ እንደሚሻል ነው።