ግድግዳውን የለቀቀው ሰው

አንድ ገበሬ ነበሩ፤ አቶ ደበሌ ይባላሉ። የምግብ ቧንቧ ካንሰራቸው በቀዶ ሕክምና ወጣላቸው። ከዚያ በኋላ የታዘዘላቸውን በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ግን አልወስድም ብለው ሊሄዱ ተነሡ።

«እባቡን ገድላችሁታል፣ ልጄ። አሁን ዱላ የምታወዛውዙት በማን ላይ ነው?» አሏት ወጣቷን ሐኪም።

ሐኪሟ ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«አንድ ግንበኛ ነበረ» አለች። «በሚኖርበት ከተማ ለብቻው የቆመ ቤት አልነበረም። የአንዱ ግድግዳ የጎረቤቱም ግድግዳ ነው። ጎርፍ ሲመጣ ቤቶቹ ተያይዘው ይመክቱታል። ሰዎቹ በዚህ ይኮሩ ነበር፤ እንግዳ ሲመጣባቸው ከሁሉ በፊት የሚያሳዩት ግድግዳቸውን ነው።

ይህ ግንበኛ ግን ከፋ። ክፍል በክፍል ላይ እየቀጠለ መተላለፊያውን ዘጋው። እህል የጫነ አህያ እንኳ ማለፍ አቃተው። በመጨረሻ የከተማው ዳኛ ሠራተኞች አሰልፎ ቤቱን ከነመሠረቱ አስነሣ። መንገዱ ተከፈተ፤ እልልታው ቀለጠ።

አንዲት አሮጊት ብቻ እልል አላለችም። ‹ልጄ፣ ቤቱ ፈርሷል። ሰውዬውስ?› አለችው ዳኛውን።

ዳኛው ተቆጣ። ‹እማማ፣ ሥራዬን አያናንቁብኝ! አንዲት ድንጋይ አስቀርቻለሁ?›

‹ሥራህማ ያኮራል። ሰውዬው ግን ድንጋይ አይደለም፤ እግር አለው።›

እውነቷን ነበር። ግንበኛው ቤቱ ከመፍረሱ በፊት፣ ከጎረቤት የሚያያይዘውን ግድግዳ በገዛ እጁ ሰርስሮ፣ የግንበኛ ልብሱን አውልቆ፣ መንገደኛ መስሎ ወጥቷል። በጀልባ ወንዙን ወርዶ ሩቅ ከተማ ደርሷል። እዚያ ቦታ ሲያገኝ ተመልሶ ግንበኛ ይሆናል፤ ያንንም ከተማ ክፍል በክፍል ይሞላዋል።

ዳኛው ነገሩ ሲገባው፣ ‹ፈረሰኛ በየመንገዱ፣ ጀልባ በየወንዙ ይውጣ!› ሲል አዘዘ።»

ሐኪሟ ወደ አቶ ደበሌ ዞረች።

«አባባ፣ የምግብ ቧንቧዎን ከውስጥ የሸፈኑት ሕዋሳት እንደነዚያ ቤቶች ጎን ለጎን ተያይዘው የሚኖሩ ናቸው። ከታመሙት መካከል አንዳንዱ መያያዙን ይተውና መልኩን ለውጦ ተጓዥ ይሆናል። በደም ተጉዞ ጉበት ወይም ሳንባ ከደረሰ በኋላ ወደ ቀድሞ ጠባዩ ተመልሶ እዚያው ይባዛል። ከእርስዎ ሕዋሳት አንዱ እንዲህ ወጥቶ ይሁን አይሁን ለዓይናችን አይታይም። ቀዶ ሐኪሙ ቤቱን አሳምሮ አፍርሷል፤ ይኩራበት። መድኃኒቱ ደግሞ ፈረሰኛው ነው። ሁልጊዜ ይይዘዋል ብዬ አልዋሽዎትም። ካልተላከ ግን ጭራሽ አይይዘውም።»

አቶ ደበሌ ደረታቸውን ነፉ።

«እኔ ደበሌ ግማሹን አርሼ ግማሹን ለአረም የተውኩት እርሻ የለኝም» አሉ። እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። «ክንዴ ይኸው። ፈረስሽ ግን ሰነፍ እንዳይሆን!»