በክንፉ ሥር ያሉት እግሮች

ተረት ይዤ መጣሁ። «ከየት አመጣኸው?» በሉኝ። ከሐይቅ ዳር። «ማን ነገረህ?» በሉኝ። ደንገሉ ነገረኝ፣ ውሃው መሰከረልኝ።

በድሮ ዘመን፣ ወፉም ዕቃውም ከሰው ጋር ይነጋገር በነበረበት ጊዜ፣ በአንድ ሰፊ ሐይቅ ዳር አያ ቢምረው የሚባል ሽማግሌ ይኖር ነበር። አያ ቢምረው በውሃው ዳር የሚበቅለውን ደንገል አጭዶ፣ አድርቆ፣ ጠፍሮ ታንኳ ይሠራል። በታንኳው ዓሣ ያጠምዳል። ሚስቱ እመት ዳሳሽ ደግሞ ጭቃ አቡክታ ገንቦ ትሠራለች። ልጃቸውና ምራታቸው ሩቅ እርሻ ስለሚውሉ፣ መንታ የልጅ ልጆቻቸውን የሚጠብቁት እነሱ ነበሩ። ሴቷ አትጠገብ ትባላለች፤ ወንዱ ስማቸው ይባላል።

አንድ ቀን አያቶቹ ለልጆቹ መጫወቻ ሠሩላቸው። አያ ቢምረው ከተረፈው ደንገል ክንድ የምታህል ታንኳ ጠፍሮ ለስማቸው ሰጠው። እመት ዳሳሽ ከጭቃ ትንሽ ሕፃን ሠርታ በፀሐይ አደረቀችው፤ ከቁራጭ ቆዳ አንቀልባ ሰፍታ ለአትጠገብ ሰጠቻት። ልጆቹ እየሮጡ ወደ ውሃው ዳር ወረዱ።

ትንሽ ቆይቶ አያ ቢምረው ቀና ቢል ምን ያያል? አትጠገብ እስከ ጉልበቷ ውሃ ውስጥ ገብታ ታንኳዋን ትገፋለች። ስማቸው የጭቃውን ሕፃን በአንቀልባ አዝሎ «እሹሩሩ፣ እሹሩሩ» ይላል።

ሽማግሌው የያዘውን ደንገል ጥሎ ተነሣ። «ታንኳ የወንድ ነው፤ አንቀልባ የሴት ነው» አለ። ከሴቷ ነጥቆ ለወንዱ፣ ከወንዱ ነጥቆ ለሴቷ ሰጠ። ልጆቹ የተሰጣቸውን ተቀበሉ። እሱ ዞር ሲል ተለዋወጡ።

በማግሥቱም አየ። «ታንኳ የወንድ ነው፤ አንቀልባ የሴት ነው» አለ። ነጠቀ፤ ሰጠ። ዞር ሲል ተለዋወጡ።

በሦስተኛው ቀን ግን ተቆጣ። «ጎረቤት ምን ይለኛል? የቢምረው የልጅ ልጅ ሕፃን አዝሎ ሲያባብል ዋለ ሊባል ነው?» አለና ሁለቱንም መጫወቻ ወስዶ ከደንገሉ ክምር ላይ አስቀመጠ። «እንደየወጋችሁ መጫወት እስክትለምዱ ድረስ አትነኳቸውም።»

እመት ዳሳሽ ከጭቃዋ ቀና ብላ፣ «ልጆች ናቸው፤ ተዋቸው» አለችው።

«በልጅነቱ ያልተገራ በስተኋላ አይገራም» አላት። እሷም ወደ ጭቃዋ ተመለሰች።

ፀሐይ ስትበረታ አያ ቢምረው ክምሩን ተደግፎ አረፍ አለ። እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርገው ከበላዩ ንግግር ሰማ።

«ወንዱ ጀርባ ላይ ስሆን ሕፃን ነኝ» አለ የጭቃው ሕፃን። «ሴቷ ስትይዘኝ ግን ጭቃ ብቻ ነኝ።»

«እኔም ሴቷ ስትይዘኝ ታንኳ ነኝ» አለች ታንኳዋ። «ወንዱ ሲይዘኝ የደረቀ ሣር ነኝ። ሽማግሌው ይህን አይሰማም።»

«ካልሰማን እዚህ ምን እንሠራለን?»

«ምንም። ና ውጣብኝ፤ እንሂድ።»

አያ ቢምረው «ነፋስ ነው» ብሎ ዓይኑን ጨፈነ። ሲነቃ ታንኳዋም የለች፤ ሕፃኑም የለ። ከክምሩ እስከ ውሃው ድረስ አሸዋው ላይ ቀጭን መስመር ብቻ ተሰምሯል።

ስማቸው መስመሩን አየና ፊቱ ተለወጠ። «ሕፃኑን እሳት አልነካውም፤ ውሃ ሲነካው ይሟሟል» አለ። ቤት ገብቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ምሳ ሲሰጡት አልቀመሰም። አትጠገብ አላለቀሰችም፤ ከውሃው ዳር ተቀምጣ ሐይቁን ብቻ ታያለች። የእሷ ዝም ማለት ሽማግሌውን ከልቅሶ ይልቅ አስጨነቀው። ታንኳውን ገፍቶ መጫወቻዎቹን ፍለጋ ወጣ።

ሲቀዝፍ፣ ሲቀዝፍ ጉማሬን አገኘው። «አያ ጉማሬ፣ ክንድ የምታህል ታንኳ አላየህም?»

«የማን ናት?» አለ ጉማሬ።

«የወንዱ ልጅ።»

«የወንድ ልጅ ታንኳስ አላየሁም። ያየሁት ከባለቤቷ የተነጠቀች ታንኳ ነው» አለና ሰጥሞ ጠፋ።

ሲቀዝፍ፣ ሲቀዝፍ ጢማሟን ዓሣ አምባዛን አገኛት። «እመት አምባዛ፣ ከጭቃ የተሠራ ሕፃን አላየሽም?»

«የማን ነው?» አለች አምባዛ።

«የሴቷ ልጅ።»

«የሴት ልጅ ሕፃንስ አላየሁም። ያየሁት ያዘለውን ሰው እየጠራ የሚሄድ ሕፃን ነው» አለችና ጢሟን እያወዛወዘች ወደ ጭቃው ወረደች።

ሰማዩ ጠቆረ። ዝናቡ ጠብ፣ ጠብ ማለት ጀመረ። አያ ቢምረው እያንዳንዱ ጠብታ በጭቃው ሕፃን ላይ የሚወርድ መሰለው፤ በሕይወቱ ቀዝፎ በማያውቀው ፍጥነት ቀዘፈ። ሐይቁ በሰፋፊ የውሃ አበባ ቅጠል ወደተሸፈነበት ቦታ ደረሰ። እዚያም ትንሿን ታንኳ አገኛት። ባዶዋን ነበረች።

በዚያን ጊዜ አንድ ወፍ በቅጠሎቹ ላይ ሲራመድ አየ። ጣቶቹ እንደ ሣር ረጃጅም ናቸው፤ ቅጠሉን ይረግጣል፣ ቅጠሉ ግን አይሰጥምም። ክንፎቹን ከጎኑ ከፈት አድርጓል። ከክንፎቹ ሥር እግሮች ተንጠልጥለዋል፤ በግራ እግሮች፣ በቀኝ እግሮች። አያ ቢምረው መቅዘፊያውን አስቀመጠ። ዝናቡንም ረሳው።

«እመት ወፍ» አለ በዝግታ፣ «ስንት እግር አለሽ?»

«እመት አትበለኝ» አለ ወፉ። «የኔ እግር ሁለት ነው። የቀሩት የልጆቼ ናቸው። አባታቸው ነኝ።»

«እናታቸውስ የት ሄደች?»

«ያቻትልህ።»

ሽማግሌው ዞር ሲል፣ ከአባትየው የምትገዝፍ ወፍ ክንፏን እያማታች ጫጩት የሚበላ አንድ ትልቅ አርጃኖ ከቅጠሎቹ መሐል ስታባርር አየ። አርጃኖው ጅራቱን እየጎተተ ሸሸ። እሷም ዳርቻውን እየዞረች ጥበቃዋን ቀጠለች።

«ይህን ሐይቅ ስቀዝፍ አረጀሁ» አለ አያ ቢምረው። «እንዴት ሳላይህ ቀረሁ?»

«ስታየኝማ ኖረሃል» አለ ወፉ። «በየክረምቱ ልጆቼን አቅፌ ስታገኘኝ ‹እናት መሆኗ ነው› ብለህ ታልፋለህ። ቆመህ ጠይቀህ አታውቅም። ዛሬስ ምን ፈለግህ?»

«ከጭቃ የተሠራ ሕፃን።»

«የማን ነው?»

ሽማግሌው «የሴቷ» ሊል አፉን ከፈተ። ከክንፉ ሥር የተንጠለጠሉትን እግሮች አየና አፉን መልሶ ዘጋው። ከዚያም «የስማቸው ነው» አለ። «ወንድ ልጅ ነው። አዝሎት እሹሩሩ ይለው ነበር።»

ወፉ ግራ ክንፉን ቀስ አድርጎ አነሣ። ጫጩቶቹ አንድ በአንድ ቅጠሉ ላይ ወረዱ። ከእነሱ መሐል የጭቃው ሕፃን ነበረ፤ ደረቅ እንደሆነ፣ ሙቀት ይዞ።

«ሲዘንብ ከልጆቼ ለይቼ አላየሁትም» አለ ወፉ።

አያ ቢምረው ሕፃኑን ተቀብሎ እንዴት እንደሚይዘው ጠፋው። የመንታዎቹን አባት፣ የገዛ ልጁን፣ በሕፃንነቱ አንድም ቀን እንዳላቀፈው ያን ጊዜ ትዝ አለው። ጋቢውን ገልጦ ሕፃኑን ከደረቱ አስጠጋው፤ ታንኳዋን ከአጠገቡ አስቀምጦ ተመለሰ።

ቤት ሲደርስ ታንኳዋን ለአትጠገብ፣ ሕፃኑን ለስማቸው ሰጠ። ቤት የቀረውን አንቀልባ በልጁ ትከሻ ላይ ያሰረለት ራሱ ነው፤ ማሰሩን ስላላወቀበት ልጁ አሳየው። ከዚያ ያየውን ሁሉ ለእመት ዳሳሽ ነገራት። ተናግሮ ሲጨርስ እሷ ጭቃዋን አስቀምጣ ወደ ሐይቁ አየች።

«ከዚህ ሐይቅ ጭቃ ገንቦ ስሠራ አረጀሁ» አለችው። «መሐሉን ግን አይቼው አላውቅም።»

«ማየት እንደምትፈልጊ ለምን ሳትነግሪኝ ኖርሽ?»

«ታንኳ የወንድ ነው ስትል እየሰማሁ ምን ብዬ ልንገርህ?»

ሲነጋ አያ ቢምረው ልጆቹን ከታንኳው መሐል አስቀመጠ፤ መቅዘፊያውን ለእመት ዳሳሽ ሰጥቶ እሱ ከኋላ ተቀመጠ። መጀመሪያ ታንኳው ዞረባት፤ ቆይቶ ቀና አለላት። ውሃው ከሰማዩ ጋር አንድ ወደሚሆንበት ስትደርስ መቅዘፏን አቆመች። ወፉ ክንፎቹን ከፈት አድርጎ ባጠገባቸው አለፈ።

ተረቴን ሰጠኋችሁ፤ ምርቃታችሁን ስጡኝ። በዚያ አገር ከዚያ ወዲህ እንዲህ ይባላል፦ ማቀፍ የክንፍ ነው፤ ክንፍን «የማን ነህ?» አይሉትም።