እምቦጭ የበላችው ላም

አንድ ሚስቱ የሞተችበት ሰው ነበረ። «ሌላ መምህር ልፈልግ ወይ?» ብለህ የጠየቅኸኝን አልረሳሁም፤ ታግሠህ ስማ።

ሰውዬው የሚኖረው ሐይቅ ዳር ነው። ሚስቱ ስትሞት ጡት ያልጠገበ ሕፃን ትታለት ሄደች። ቤት ውስጥ አንዲት የምትታለብ ላም ነበረች፤ የልጁ ነፍስ በእሷ ላይ ተንጠለጠለች። በዚያው ሰሞን ድርቆሹ አለቀ። የመንደሩ ሰው ከሐይቁ እየነቀለ ዳር ላይ የሚከምረው እምቦጭ ነበርና ሰውዬው ከዚያ እያመጣ፣ አጠውልጎ ከጭድ ጋር እየቀላቀለ ያበላት ጀመር። ላሟ ወደደችው፤ ወተቷም አልጎደለም።

ችግሩ ልጁ ነው። ወተቱን በማንኪያ ሲሰጡት ይተፋዋል። አባትየው ቢያሸተው ይከረፋል። ግራ ቢገባው ጎረቤቶቹን ጠየቀ። አንዱ «ዓሣውን የፈጀ አረም ለላም ትሰጣለህ?» አለው። ሌላው «የሰው ዓይን ነው» አለው። ሦስተኛው «አረሙን አጥበህ ስጣት እንጂ» አለው። መካሪ የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥም ይላሉ፤ መካሪ የበዛበት ድሃ ምን እንደሚሆን ግን የነገረን የለም። ሰውዬው ሁሉንም ሰምቶ ሁሉንም አደረገ። አረሙን አጠበ፣ ጠበል ረጨ፣ በመጨረሻም እምቦጩን ጨርሶ ከለከላት። ላሟ ከሳች፤ ወተቷም ጥቂት ሆነ። ያ ጥቂቱም ከረፋ። ስትበላ ከረፋ፤ ሳትበላም ከረፋ። ሰውዬው ማንን እንደሚጠረጥር ጠፋው።

አንድ ጠዋት ልጁ ማልቀስ እንኳ አቃተው። ሰውዬው ደነገጠ፤ የማለቢያውን ቅል ለማምጣት ጓዳ መግባት አላስቻለውም። ልጁን እንደታቀፈ ላሟ ሥር ተንበረከከና በመዳፉ አልቦ ወደ አፉ አስጠጋለት። ልጁ ጠጣ። ደግሞ አለበለት፤ ደግሞ ጠጣ።

ላሟ ያችው ላም ናት። ሰውዬው ገብቶ ቅሉን አሸተተ፤ የሚከረፋው እሱ ነው። ሚስቱ በሕይወት ሳለች ያን ቅል በወይራ ጭስ ታጥነው ነበር፤ እሱ ግን የሴት ሥራ ነው ብሎ ዞር ብሎ እንኳ አይቶት አያውቅም። ከሞተች ወዲህ በውኃ ብቻ ነበር የሚያለቀልቀው። እዚያው ቁጭ ብሎ አለቀሰ፤ ለሚስቱ ይሁን ለላሟ እሱም አላወቀም። ከዚያ ወይራ ፍለጋ ወጣ፤ እምቦጩንም ለላሟ መለሰላት።

አንተም እንደዚያ ሰው ነህ። ከወንድምህ ከተጣላህ ወዲህ የቀድሞ መምህርህ ቃል መረረህ፤ ትተኸው ወደ እኔ መጣህ። አሁን የእኔም መረረህ፤ ዳዊቱም መረረኝ ብለሃል። ሦስተኛ መምህር ብትፈልግ አልይዝህም፤ እግር አለህ። ግን የምትቀዳበትን ቅል ይዘኸው ነው የምትሄደው። ወይራው ያለው ወንድምህ ደጅ ነው። መጀመሪያ እዚያ ሂድ።